የመምህርት ሜቲ መቀመጫ

መኪና የሚሠሩ ሰዎች የሠሩት መኪና ውስጥ ገብተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ቢያውቁማ ኖሮ የቀበቶውን መቆለፊያ ወንበርና ወንበር መሐል ቀብረው የሰው ጣት ባላስላጡ። የዕቃ መጫኛውን መብራት ዕቃው ራሱ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ባላደረጉት። ትርፍ ጎማውንም ከወለሉ ሥር ደብቀው፣ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበትን ምስኪን ጓዙን ሁሉ አስፋልት ላይ እንዲዘረግፍ ባልፈረዱበት። ንግግሬ ቁጣ ቁጣ ቢላችሁ አትፍረዱብኝ። ይልቃል እባላለሁ፤ አሶሳ ውስጥ የመኪና ወንበር ስሰፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን እንደ ጋሽ ዳበሳ መኪና ያናደደኝ የለም። ጋሽ ዳበሳም ራሳቸው አናደውኛል፤ ብወዳቸውም አናደውኛል።

ጋሽ ዳበሳ የቤጊ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አሶሳ መጥተው አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ መጋዘን አልወጡም። ዝምተኛ ናቸው። ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሜትር አለ። ሰው ቤት ሲገቡ የበሩን ስፋት በዓይናቸው ሳይለኩ አይቀመጡም ብለው የሰፈሩ ሰዎች ያሟቸዋል፤ ሐሜቱ እውነት ነው፣ እኔ ቤት ሲመጡ አይቻለሁ።

ባለቤታቸው መምህርት ሜቲ ደግሞ ዝምታ የሚባል አያውቁም። ሃያ ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። እኔም ከወሎ የመጡ የሰፋሪዎች ልጅ፣ ከሰፈራ መንደራችን ከአምባ አሥራ አራት በእግሬ እየመጣሁ ስምንተኛ ክፍል ከእሳቸው ተምሬአለሁ። መልስ ከጎረቤቴ ገልብጬ ስነግራቸው፣ “ጎሽ ይልቃል! እስቲ ከየት እንዳመጣኸው ሰሌዳው ላይ አሳየን” ይሉኝ ነበር። ዛሬም ሲጠሩኝ እጄን ከኪሴ አወጣለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ። አንደበታቸው ግን እንደነበረ ተረፈ፤ ተመስገን ነው። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ዳበሳ ከዱባይ ያገለገለ የመጣውን ሰባት ሰው የሚጭን የቤተሰብ መኪና የገዙት። ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ ሜቲን ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው መውሰድ።

አንድ እሑድ ወሰዷቸው፤ አንድ ብቻ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጋሽ ዳበሳና ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውንና ጉልበታቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ሲያወጧቸው፣ ቀሚሳቸው የወንበሩ ማስተካከያ ላይ ተያዘና እስከ ጭናቸው ተገለበ። ምእመኑ በሙሉ ቆሞ ነበር። ሰው ዓይኑን መለሰ፤ መለሰ ግን ካየ በኋላ ነው። መምህርት ሜቲ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆዩ። ቤት ሲደርሱ እንዲህ አሉ፦

“ዳቤ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ተሸክሞኝ ከዚህ ቤት አልወጣም። በራሴ መግባት ከቻልኩ እወጣለሁ። ካልቻልኩ እዚሁ ነኝ።”

ባጃጅም መጣ፤ እሱም ሸክም ይፈልጋል ተባለና ተመለሰ። እሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ። አሥራ አራት ወር ከግቢው በር አላለፉም።

የዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ጋሽ ዳበሳ ሱቄ መጥተው ነበር። ሜትራቸውንና አንድ የተማሪ ደብተር ይዘዋል። ደብተሩ ላይ የመኪናውን ጥፋት በተራ ቁጥር ጽፈውታል።

“መኪናው ጥሩ ነው፣ ይልቃል” አሉኝ። “ጥቃቅን ነገር ብቻ ነው ያለበት።”

ጥቃቅኑን ስቆጥረው ሠላሳ አንድ ደረሰ።

የጀመርነው ከፊቱ ወንበር ነው። በእሳቸው ወግ የቤት እመቤት የምትቀመጠው ከፊት፣ ከባሏ ጎን ነው፤ ሌላ ቦታ አይታሰብም። ወንበሩ ግራና ቀኙ እንደ ገበቴ ጠርዝ ከፍ ያለ ስለሆነ ሰው ተንሸራትቶ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ጨርቁም ቀሚስ ይይዛል። ጠርዙን ቆርጬ ዝቅ አደረግኩት፤ ጨርቁን ገፍፌ ለስላሳ ሌዘር አለበስኩት። ጋሽ ዳበሳ “እኔ ልሞክረው፣ አንተ ንዳ” አሉና ተቀመጡ። ማዞሪያው ላይ ፍሬን ስይዝ ከወንበሩ ሾልከው ዳሽቦርዱ ሥር ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው የዳሽቦርዱን መሳቢያ ነካው፤ መሳቢያው በረገድ ብሎ አገጫቸውን መታ። እዚያው እንደተቀረቀሩ፣ “ይሄንንም ጻፈው” አሉኝ። ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ወደ መያዣው ሄድን። ከፊት በር በላይ ጣራው ላይ የተንጠለጠለ መያዣ አለ፤ ግን የሚጨበጠው በማይታዘዘው ቀኝ እጅ ነው። በግራ በኩል ማርሹና ቀጭን ውሃ መያዣ እንኳ በቅጡ የማይቆምበት የኩባያ ማስቀመጫ እንጂ የሚጨበጥ ነገር የለም። ዐወድን ጠራነው። ዐወድ ከሱቄ አጠገብ የሚበይድ፣ ከሆሞሻ የመጣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛው እንደ ነገሩ ነው፣ ብየዳው ግን እንከን የለውም። ብረት አጥፎ ከወንበሩ ጎን ተከለ። ብረቱ ማርሹን አላስኬድ አለ። “ኻላስ፣ በቃ፣ ነቀለ” አለና ነቀለው።

ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበርም ሞክረናል፤ እዚያ መያዣው በግራ ነው። የበሩ ታችኛው ክፍል ግን በጎማው ጉብታ ተበልቶ ጠቧል። ደህና እግር ያለው ሰው ሳያስበው እግሩን አጠማዞ ያልፋል። የማይታዘዝ እግር እዚያ ይሰነቀራል። ጋሽ ዳበሳ ቀኝ እግራቸውን በገመድ አስረው ራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ ተሰነቀሩና ዐወድና እኔ ጎትተን አወጣናቸው። የእንጨት መወጣጫ፣ የሚዞር ወንበር፣ ከጣራ የሚወርድ ገመድ፣ ምኑ ቅጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ደብተሩንም ይዘውታል እያልኩ በሆዴ እማረራለሁ። አንዳንድ ቀን በአፌም አወጣዋለሁ።

“ጋሼ፣ ይሽጡት በቃ። ይሄ መኪና ለጤነኛ ነው የተሠራው።”

“ትንሽ ነው የቀረው” ይሉኛል።

ይህን ሁሉ የምንሠራው እሳቸው ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነው። መምህርት ሜቲ በረንዳው ላይ ዊልቸራቸው ውስጥ ሆነው ያዩናል። “እንዴት ዋሉ መምህርት?” እንላለን፤ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ። ስለ መኪናው ግን እሳቸው ፊት አይነሣም። ጋሽ ዳበሳ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ “እንዳታስከፏት፣ እሷ ፊት ምንም አትበሉ” ብለውናል።

በዚያ ላይ ቤቱ ጭር እያለ ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ እድርተኛ በሙሉ ሲጠይቅ ነበር። ከዚያ ሳሳ፤ ከዚያ ቆመ ማለት ይቻላል። እትዬ ለተማርያም እንኳ፣ ከመምህርቷ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩት፣ ቤታቸውም መንገዱን ተሻግሮ ያለው፣ መምጣት ተዉ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሕመም ሲረዝም ይለመዳል። እኔም እዚያ ግቢ ሥራ ባይኖረኝ ኖሮ እሄድ ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

አሥራ አራተኛው ወር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የፊቱን በር ከነማጠፊያው ነቅለን ላባችን ጠብ እያለ ስንታገል ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

“ይልቃል!”

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ሳይሆን መፍቻ ላይ ነበር፤ መፍቻውን ጣልኩት።

“አቤት መምህርት።”

“የኋላውን በር ክፈተው።”

ከፈትኩት። የዚህ መኪና የኋላ በር ሌላው ጉድ ነው። ወይ ጥርቅም ይላል፣ ወይ እስከ ሰማይ ይወጣል፤ መሐል ላይ ቁም ቢሉት አይቆምም። ወጣ።

“ከመሬት እስከ ወለሉ ስንት ነው?”

ለካሁ። “ሃምሳ ስድስት ሳንቲም።”

“ና የእኔንም ወንበር ለካ፤ ከነትራሱ።”

በረንዳው ላይ ወጥቼ ለካሁ። “ሃምሳ አራት።”

“ልዩነቱ?”

“ሁለት፣ መምህርት።”

“እና ምን ትጠብቃላችሁ?”

ጋሽ ዳበሳ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ነው። “አይሆንም! እዚያ ላይማ አይሆንም!” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሜቲ፣ እዚያ የሚጫነው ፍየልና ጆንያ ነው... ሬሳ ነው” አሉ።

“ሬሳ በራሱ ይገባል?”

ዐወድ እጁን ከሱሪው ላይ ጠርጎ፣ “ወላሂ፣ ይሄ ሴትዮ እውነት ተናገረ” አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሦስት ቀን አልፈጀም። የኋለኞቹ ሁለት ወንበሮች ሲታጠፉም ጉብታቸው ስለሚቀር ከነሥራቸው ፈትተን አወጣናቸው። ወለሉና መከላከያው የሚገናኙበት ላይ ቀሚስ የሚይዝ የጎማ ጠርዝ ነበር፤ በስፖንጅና በሌዘር ሸፈንኩት። ዐወድ ለግራ እጃቸው የሚሆን መያዣ በየደ። ቀበቶውንም ከወንበሮቹ ጥርስ አላቅቄ በአንድ እጅ የሚቆለፍበት ቦታ ላይ ሰፋሁት። መምህርት ሜቲ ዊልቸራቸውን ከመኪናው ኋላ ያስጠጋሉ፣ የዊልቸሩን ክንድ ያነሣሉ፣ በግራ እጃቸው መያዣውን ጨብጠው ይንሸራተታሉ። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ እግራቸው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሁለት ጊዜ ልንይዛቸው ስንል ጮኹብን። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ደቂቃ በቃቸው። “እሑድ እንሄዳለን” አሉ።

የጥር የመጀመሪያው እሑድ ነበር። ጋሽ ዳበሳ ያለቻቸውን አንዲት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እኔ ከመምህርቷ ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጬ የታጠፈውን ዊልቸር ይዣለሁ። በሩ ከተዘጋ ጉልበታቸውን ስለሚጨፈልቀው ሽቅብ እንደወጣ ተዉነው። ጋሽ ዳበሳ ለጥንቃቄ አራቱንም ፍሬቻ አበሩ፤ ሜቲ እንዳትወድቅብኝ ብለውም በሰው እርምጃ ነዱ። ሦስታችንም፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ይህ ነገር ከሩቅ ላየው ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብነውም።

የወሩ መጀመሪያ እሑድ ደግሞ የእድራችን ስብሰባ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ማዞሪያው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ይሰበሰባል። ከዚያ ሆነው አዩ፦ የጋሽ ዳበሳ መኪና፣ በሩ ሽቅብ ተከፍቶ፣ አራቱም ፍሬቻ እያበራ፣ በእርምጃ ሲመጣ። መሪው ላይ ጋሽ ዳበሳ ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸው ተጨማዶ። እዚህ ከተማ እንዲህ ሆኖ የሚሄደው አስከሬን ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው በዚያ አኳኋን ሄዶ አያውቅም።

እኛ ፊታችንን ወደ ኋላ አዙረናልና ምንም አላየንም። የሰማነው ጡሩምባ ነው። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጣሀ ባለ በሌለ ትንፋሹ ነፋው። ከዚያ የሴቶች ጩኸት ተከተለ።

“ማን ሞቶ ነው?” አሉ መምህርቷ።

“እንጃ መምህርት።”

“ወይኔ ሜቲ! ወይኔ መምህርቷ!” የሚል መጣ።

ጋሽ ዳበሳ ደንግጠው መኪናውን እዚያው እድርተኛው ፊት አቆሙት። እኔ “ኧረ በሕይወት አሉ!” ብዬ ልጮህ ስነሣ መምህርት ሜቲ በግራ እጃቸው ክንዴን ጨመቁት።

“ዝም በል” አሉኝ። “ልስማ።”

ሰሙ። አንዱ፣ “ልጄን ያለ ክፍያ ያስጠኑ!” ይላል። ሌላዋ “ደግ ናት፣ ምላሷ ብቻ ነው” አለች፤ እዚህ ላይ መምህርቷ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእትዬ ለተማርያም ድምፅ ነበር። “ሜቲዬ! ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል! ሰባት ወር ደጅሽን ሳልረግጥ! ምን ብዬ ልቅበርሽ!” ይላሉ፤ ደረታቸውን ሲደቁ ይሰማል። ከአንጀት ነበር ያለቀሱት፤ ያን መካድ አይቻልም። መምህርት ሜቲ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክንዴን ግን አልለቀቁትም።

ከዚያ ሬሳ ሊሸኙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ መኪናው ኋላ ዞሩ። ፊት ለፊት ተገናኘን።

ጣሀ ጡሩምባውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አንዷ ሴት “በስመ አብ!” ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሌላው ሁሉ ደርቆ ቆመ። መምህርት ሜቲ ቀበቶአቸውን አስረው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ በአንድ አዩአቸው። ዝም ብሎ ክፍል የገባ አስተማሪ እንደሚያየው ነበር አስተያየታቸው።

“ለተማርያም” አሉ። “ከበርሽ እስከ በሬ ስንት እርምጃ ነው?”

እትዬ ለተማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

“መቶ አርባ ነው። በደህና እግሬ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።”

ሳቅም አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም። እኔ ራሴ መሬት መሬት አየሁ፤ አሥራ አራት ወር ግቢያቸው ውስጥ ስውል ስንት ቀን ከበረንዳው ሥር ቁጭ ብዬ አጫወትኳቸው? አንድም ቀን። ሥራ ላይ ነኛ! እትዬ ለተማርያም መጥተው የተንጠለጠለው ቀኝ እግራቸው ላይ ተደፉ፤ መምህርት ሜቲም በግራ እጃቸው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉላቸው። “በቃ፣ በቃ። የእኔ እንደ እናንተ ረጅም ቅዳሴ አይደለም፣ ስብከቱ ሳይጀመር ልድረስ” አሉ። “ዳቤ፣ ንዳ!”

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እድርተኛው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ለሽኝት የተነሣ ሰው ወደ ስብሰባ አይመለስም መሰለኝ ከኋላችን መከተል ጀመረ፤ ጣሀም ጡሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ ተከተለ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኙን። መምህርት ሜቲ መንገዱን ሙሉ ፊት ለፊት እያዩአቸው የማን ልጅ የት እንደደረሰ፣ የማን ቤት ክዳን እንደተቀየረ ሲጠይቁ ሄዱ። አሥራ አራት ወር የተጠራቀመ ወሬ ነው።

በሩ ላይ ዊልቸሩን ዘርግቼ አስጠጋሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ እንደዚያን ዕለት። ማንም እጁን አልዘረጋም። ጋሽ ዳበሳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። መምህርት ሜቲ ቀበቶውን ፈቱ፣ መያዣውን ጨበጡ፣ ተንሸራተቱ። ገቡ። ቀሚሳቸውን በግራ እጃቸው አስተካከሉና ቀና አሉ።

“ዳቤ፣ አሥራ አራት ወር ከፊቱ በር ጋር ስትታገል አንድ ቀን ‘አንቺስ ምን ትያለሽ?’ ብትለኝ ምን ነበረበት?”

ጋሽ ዳበሳ ጫማቸውን አዩ።

“ፈራሁ” አሉ።

“ምኑን?”

“‘ተወው፣ ከእንግዲህ መውጣት አልፈልግም’ እንዳትይኝ።”

መምህርት ሜቲ ዝም አሉ። መልስ ሲያጡ ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ጀርባቸውን ለባላቸው ሰጥተው፣ በቀስታ፣ “ግፋኝ” አሉ። አንድም ሰው ወንበራቸውን እንዲገፋ ፈቅደው አያውቁም ነበር፤ ጋሽ ዳበሳ እየገፉ አስገቧቸው።

እኔ መኪና ልጠብቅ ብዬ ደጅ ቀረሁና አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።